ቀብድ ከመቀበልዎ በፊት የልጅ ልጆችዎን ቀን ይጻፉ

በዚህ ወር ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከወልድያና ከሐይቅ የደረሱን ደብዳቤዎች ጉዳያቸው አንድ ነው። በየቤቱ ድግስ እያዘጋጀች ከከተማ ከተማ የምትዞር አያት አለች፤ ቤት ውስጥ ደግሞ የሚጠብቋት ልጆች አሉ። ጥያቄዎቹን አሳጥረን፣ ስማቸውንም ትተን አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ። የ61 ዓመት ሴት ነኝ። ደሴ ውስጥ ለሰርግ፣ ለምርቃትና ለተዝካር ድግስ አዘጋጃለሁ፤ አራት ሴቶች አብረውኝ ይሠራሉ። ከጥምቀት በኋላ ኮምቦልቻና ወልድያ፣ አንዳንዴም አዲስ አበባ ድረስ እጠራለሁ። የ4 እና የ9 ዓመት የልጅ ልጆቼ እኔው ዘንድ ነው ያሉት፤ እናታቸው የቢሮ ሠራተኛ ናት። አምና ጥርና የካቲትን ቤቴ የገባሁት ለመተኛት ብቻ ነበር። ሥራዬን መተው አልፈልግም። እንዴት ላድርግ? (ከደሴ)

መልስ። እማማ፣ ሂሳቡ የሚበላሸው ድግስ የአንድ ቀን ሥራ ተደርጎ ሲቆጠር ነው። ደንበኛው «እሁድ ነው» ይልዎታል፤ እርስዎም ደብተርዎ ላይ እሁድን ብቻ ይጽፋሉ። ከቤትዎ የሚሄደው ግን ሳምንቱ ነው።

ለ300 ሰው የሚደገስ የእሁድ ሰርግ ይዘን ወደ ኋላ እንቁጠር። ጠላው ብቅሉ ደርቆና ተፈጭቶ ቢቆይዎት እንኳ ደሴ ላይ ከጥንስሱ እስከ ጠጪው ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈልጋል። ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ ከፍታዋ ግን በ600 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ሙቀቱ ጥንስሱን ቶሎ ስለሚያነሣው በደሴ ቀን ቆጥሮ እዚያ የጠመቀ ሰው ኮምጣጣ ጠላ ይቀዳል። ቅቤው ማክሰኞ ይነጠራል። ረቡዕ ሊጡ ይቦካል፤ በደሴ ብርድ ሦስት ቀን ካላገኘ እንጀራው ዓይን አያወጣም። ሐሙስ ሽንኩርቱ ተገዝቶ ይገባል፤ ዓርብ ይላጣል፣ ይከተፋል፣ ማታ ቁሌቱ ይጣዳል። ቅዳሜ እንጀራ ይጋገራል፣ ዶሮው ይሠራል፣ ማምሻውን ከብቱ ይታረዳል። እሁድ መስተንግዶው ነው። ሰኞ እጥበት፣ የዕቃ ቆጠራና ብዙ ጊዜም መልስ አለ። በማግስቱ ማክሰኞ ሂሳብ ይዘጋል። ጠላውን ትተን፣ ከማክሰኞ እስከ ማክሰኞ ስምንት ቀን ማለት ነው።

ከስምንቱ ውስጥ የእርስዎ ዓይንና ምላስ የግድ የሚያስፈልገው ዓርብ ማታ፣ ቅዳሜና እሁድ ነው። የቀረው የሌላ ሰው እጅ ይበቃዋል። ስለዚህ በደብተርዎ ላይ እያንዳንዱን ድግስ በስምንት መስመር ይጻፉትና ከየቀኑ ፊት ማን እንደሚሠራው ያስፍሩ። የእርስዎ ስም ከአራት መስመር በላይ ከታየ ድግሱን ሳይሆን የሥራ ክፍፍሉን ይመልከቱ።

አሁን ወደ ወቅቱ እንምጣ። በ2019 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 24 ስለሚውል ዐቢይ ጾም የሚገባው የካቲት 29 ነው። ከጥምቀት ማግስት እስከ ቅበላ ባለው ጊዜ ውስጥ 7 እሁዶች አሉ። ሰባቱንም ከያዙ የልጆቹን ፊት የሚያዩት ሁዳዴ ሲገባ ነው። አንዱን ይዞ አንዱን መልቀቅ አራት ድግስ ይሰጥዎታል፤ ሦስቱ እሁዶች የቤትዎ ይሆናሉ። ገቢው መቀነሱ አይቀርም። ሆኖም ሁለት ድግስ ተከታትሎ ሲመጣ ተጨማሪ ሰው ይቀጠራል፣ ዕቃ በጥድፊያ ይከራያል፣ ሽንኩርትም በተገኘው ዋጋ ይገዛል፤ ይህ ሁሉ ሲቀነስ ሰባተኛው ድግስ የሚተወው ትርፍ እንደሚያስቡት አይደለም። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ በዚሁ ዓመት የነነዌ ጾም ከየካቲት 15 እስከ 17 ነው። የካቲት 14 እሁድ የሚደግስ ክርስቲያን ሰኞ ሥጋ አያቀርብም፤ መልሱ ወይ በጾም ምግብ ይሆናል ወይ ይተላለፋል። ደንበኛው ይህን ዘንግቶት ከሆነ ቀብድ ሳይቀበሉ ያስታውሱት። የሙስሊም ደንበኞችዎ ደግሞ ረመዳን በዚያ ዓመት በየካቲት መጀመሪያ ገደማ ስለሚገባ ጥር ላይ ይሰበሰባሉ፤ ጨረቃዋ አንድ ቀን ልታዛንፈው ትችላለች።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። መስከረም ላይ ደብተሩን ሲከፍቱ መጀመሪያ የልጆቹን ቀኖች በእስክሪብቶ ይጻፉ፦ የትልቁን ፈተና፣ የመንፈቅ ዓመት እረፍቱን፣ የትንሿን ልደት፣ የወላጆች ስብሰባውን። በእርሳስ የሚጻፈው የድግስ ጥያቄው ነው፤ ቀብዱ ሲገባ በእስክሪብቶ ይደመቃል። የልጆቹ ቀን በእርሳስ ከተጻፈ ላጲሱ መጀመሪያ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።

ውል ሲጽፉ ደግሞ አንድ አንቀጽ ይጨምሩ፦ የሰው ብዛት ከድግሱ 7 ቀን በፊት ይቆረጣል። አዘጋጁን ቤቱ እንዳያመሽ የሚያደርገው ሐሙስ ማታ «50 ሰው ጨምረናል» የሚል ስልክ ነው። ከዚያ በኋላ ለሚጨመር ሰው ዋጋው የተለየ መሆኑን አስቀድመው ይጻፉ፤ አብዛኛው ጭማሪ ያኔ ይቀራል። ከከተማ ውጭ ለሚሆን ሥራም የመሄጃና የመመለሻ ቀኑን እንደ ሥራ ቀን ያስከፍሉ። ከደሴ ወልድያ 120 ኪሎ ሜትር ነው፤ ዕቃ ጭኖ ሄዶ መመለስ ቀን ሙሉ ይበላል።

ቅሬውን (የሠፈሩን ዕድር) አይርሱ። ለቅሶ ቀጠሮ አይጠብቅም፤ ከከተማ በሚወጡበት ሳምንት ለቅሬው ዳኛ አስቀድመው ቢናገሩና ከቤት አንድ ሰው ቢወክሉ ከቅጣቱም ከሐሜቱም ይድናሉ።

ጥያቄ። ሥራ ለማካፈል ሞክሬ ነበር። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ግን «እማማ ካልቀመሱት አይሆንም» ይላሉ፤ እውነትም እኔ ሳልኖር ዶሮው አይጣፍጥም። ለአንድ ቀን የልጅ ልጄ ምርቃት ብሄድ አሥር ጊዜ ይደወልልኛል። (ከኮምቦልቻ)

መልስ። ልኩ ያለው በእጅዎ ውስጥ ስለሆነ ነው። «በመጠኑ» እና «እንደ ሁኔታው» ብለው የሚያስተምሩት ሰው እርስዎ ከሄዱ ወዲያ የሚይዘው ነገር የለውም። መድኃኒቱ ሚዛን ነው። በሚቀጥለው ድግስ እንደ ልማድዎ በእጅዎ ይሥሩ፤ አንዷ ልጅ ግን የበርበሬውን፣ የቅቤውንና የጨውን ዕቃ ከመጀመርዎ በፊት ትመዝን፣ ሲጨርሱም ደግማ ትመዝን። ልዩነቱ የእጅዎ ልክ ነው። ሦስት ድግስ ላይ እንዲህ ከተደረገና ቁጥሮቹ ከተቀራረቡ ወረቀት ላይ አስፍረው ማጀት ግድግዳ ላይ ይለጥፉት።

መነሻ እንዲሆንዎ፦ አንድ ዶሮ 12 ብልት ይወጣዋል፤ ለ300 ሰው አንዳንድ ብልት ለማድረስ 25 ዶሮና 300 እንቁላል ያስፈልጋል፤ ለሚሰበረው 20 እንቁላል ይጨምሩ። ለአንድ ዶሮ ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ሽንኩርት እንበል፤ ለ25ቱ 45 ኪሎ ገደማ ይሆናል። አንድ ሰው በሰዓት 5 ኪሎ ያህል ልጦ ይከትፋል፤ ሦስት ሰው ሦስት ሰዓት ይበቃዋል። በርበሬ ለአንድ ዶሮ ከ100 እስከ 150 ግራም እንደ በርበሬው ኃይል። እንጀራ ለሰው ሁለት ቢታሰብ 600 ነው፤ ከአንድ ኪሎ ጤፍ እንደ ምጣዱ ስፋት ከ3 እስከ 4 እንጀራ ስለሚወጣ ከ150 እስከ 200 ኪሎ ይያዙ። አንድ ምጣድ በሰዓት ከ15 እስከ 20 ያወጣል፤ በአራት ምጣድ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው። ይህን ቀድሞ ያላሰላ ሰው ነው ቅዳሜ ሌሊቱን ሙሉ ሲጋግር የሚያድረው።

ዶሮው እርስዎ በሌሉበት የማይጣፍጥበት ምክንያት በአብዛኛው ቁሌቱ ላይ ነው። 45 ኪሎ ሽንኩርት በአንድ ድስት ከተጣደ ሥሩ ያርራል፣ ላዩ ጥሬ ይቀራል። ለሁለት ይክፈሉት። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት በራሱ ውሃ ይብሰል፣ እሳቱም መካከለኛ ይሁን። መድረሱን ለማወቅ ማማሰያውን በድስቱ ሥር ከዳር እስከ ዳር አንዴ ይጎትቱት፤ የተጎተተበት መንገድ ወዲያው ተመልሶ ከተደፈነ ውሃው ገና አልሄደም፤ ለጥቂት ጊዜ ክፍት ሆኖ ሥሩ ከታየ ደርሷል። ይህን ሳትጠብቅ በርበሬ የነሰነሰች ልጅ ወጧ ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ቆይቶም ውሃው ለብቻ ይወጣል። ለልጆቹ በቃል ከሚነግሯቸው ይልቅ ይህችን መስመር አንዴ ያሳዩዋቸው፤ ከአሥሩ ስልክ ስድስቱ ይቀርልዎታል።

ዓርብ ማታ ቁሌቱ ቅቤ ስላልገባበት ጿሚም ይቀምሰዋል፤ ቅቤው ቅዳሜ ይግባ። ኮምቦልቻ ስላሉ ደግሞ፣ ቅዳሜ ረፋድ የደረሰ ዶሮ በትልቅ ድስት ተከድኖ እንዳያድር። መሐሉ እስኪቀዘቅዝ ሰዓታት ስለሚፈጅ ይነሣል፣ ይኮመጥጣል። ወደ ሰፋፊና ዝቅ ያሉ ዕቃዎች ይከፋፈል፤ ወይም ከነጭራሹ ቅዳሜ ማታ ይሠራ። እንጀራም ሳይበርድ ከተደራረበ ያልበዋል፤ በማግስቱ ይጣበቃል።

ከልጆቹ አንዷን ይምረጡና የ50 ሰው ድግስ ሙሉ በሙሉ ይስጧት፤ እርስዎ ቤትዎ ይቀመጡ። አንድ ነገር ቢጎድል በ50 ሰው ፊት መጉደሉ ይሻላል። ለእሷም የኃላፊነቷን ክፍያ ለብቻ ያስቡላት፤ ሥራው ተጨምሮባት ደመወዟ ባለበት ከቀረ በመጪው ጥር ሌላ ቤት ትገባለች።

ጥያቄ። የ8 ወር ልጅ አለችኝ፤ ሥራ ስሄድ የምትይዝልኝ አማቴ ናት። ድግስ ሲመጣባት ግን ማታ ደውላ «ነገ አልችልም» ትለኛለች። ይሉኝታ ይዞኝ ምንም ብዬ አላውቅም። (ከደሴ)

መልስ። እህታችን፣ አማትሽ ውለታ እየዋለችልሽ ስለሆነ እንደ ቅጥር ሠራተኛ ልትይዣት አትችይም። ቀኑን አብሮ ማየት ግን ነውር የለውም። ለዚያውም ቡናው ላይ፣ ባልሽ ባለበት ይሁን፤ እናቱ ናትና ንግግሩን እሱ ይጀምረው። አማትሽ የያዘቻቸውን ድግሶች ትንገራችሁ፣ እናንተም ስልካችሁ ላይ መዝግቧቸው። ከዚያ የሚቀረው እሷ ለማትኖርባቸው ቀናት ሰው ማግኘት ነው። ተተኪዋ ሴት ድግሱ ከመድረሱ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላ አማትሽ ባለችበት ልጅቷን ትልመዳት፤ በ8 ወር አካባቢ ያለ ሕፃን አዲስ ፊት ይፈራል፣ ድንገት ትቶ መሄድ ለሁለቱም ለቅሶ ነው። የተተኪዋን ክፍያ ማን ይሸፍን የሚለውን አታድበስብሱት፤ ግማሹ ከአማትሽ የድግስ ገቢ ቢሆን ብዙ ቤት ያስማማል።

የታለበ የጡት ወተት የምትተዪ ከሆነ በክፍል ሙቀት ከ4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ ከ4 ቀን አይለፍ። የ9 ወር የኩፍኝ ክትባቷ በሚቀጥለው ወር ነው፤ ሁለተኛው በ15 ወሯ። ሁለቱንም ቀን አማትሽ ደብተር ላይ አስጽፊ፤ ድግስ በበዛበት ወር የሚረሳው ይኸው ነው።

ጥያቄ። የሰርግ ጌጥና ድንኳን አከራያለሁ፤ ለዕቃ ግዢ በዓመት ሦስት ጊዜ አዲስ አበባ እወርዳለሁ። 66 ዓመቴ ነው፣ የደም ግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ። የ7 ዓመት የልጅ ልጄን ይዤ ብሄድ አብረን እንሆናለን ብዬ አሰብኩ። ልክ ነኝ? (ከወልድያ)

መልስ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ግን ከሦስቱ ጉዞ አንዱን ብቻ ለልጁ ያድርጉት፤ ትምህርት በሌለበት፣ ግዢውም ቀላል በሆነበት ጊዜ። መርካቶ ውስጥ ጨርቅ እየተዋዋሉ ልጅ መጠበቅ ሁለቱንም ሥራ ያበላሻል። ሁለት ቀን ለዕቃው፣ ሦስተኛው ቀን ለእሱ ብቻ ቢሆን «ከአያቴ ጋር ሄድኩ» የሚለው ያንን ሦስተኛውን ቀን ነው።

ከወልድያ አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ በአንድ ቀን አይጨርሱት፤ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ይደሩ። ከመነሣትዎ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከሾፌሮች ይጠይቁ፤ በጠዋት ተነሥተው ሳይመሽ ይግቡ። የሐረጎ ጠመዝማዛና የጣርማ በር ቁልቁለት ልጅ ያስመልሳሉ፤ ከፊት ወንበር ይቀመጥ፣ ከመነሣቱ በፊት ቅባት የበዛበት ነገር አይብላ፣ ስልክ እያየ አይሂድ። ጣርማ በር ብርድ ነው፣ ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ ወላፈን፤ ስለዚህ የሚደረብና የሚወለቅ ልብስ ይያዙ። ሸዋ ሮቢት፣ ከሚሴና ባቲ ወባ አለባቸው፤ በተለይ ከክረምቱ መውጫ እስከ ኅዳር ድረስ እዚያ ካደሩ አጎበር ያስፈልጋል። ከተመለሱ ከሳምንት በኋላም ቢሆን ልጁን ትኩሳት ከያዘው ጤና ጣቢያ ደም ይመርመር፤ ቆላ አድሮ እንደነበረም ይናገሩ።

የእርስዎ መድኃኒት በእጅ ቦርሳዎ ይሁን፤ መኪናው ጣራ ላይ የተጫነ ሻንጣ ውስጥ የገባ ኪኒን በሰዓቱ አይገኝም። ሽንት የሚያበዛ ዓይነት ከሆነ በጉዞ ቀን ብሎ ራስዎ አያቋርጡት፤ ሰዓቱን ማዛወር ይቻል እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ። መንገድ ላይ ሽንት ፈርቶ ውሃ አለመጠጣትም አይበጅም። በየሁለት ሰዓቱ ወርደው ይራመዱ፤ መውረድ ካልተቻለ ቁርጭምጭሚትዎን ያንቀሳቅሱ። ከጉዞ በኋላ አንድ እግር ብቻ አብጦ ካመመዎት በቅባት እያሹ አይቆዩ፤ ያኑ ዕለት ሐኪም ይየው።

ጥያቄ። ከመንገድ ስደውል የ5 ዓመቷ ልጅ «ደህና ነኝ» ብላ ስልኩን ትወረውረዋለች። አኮረፈችብኝ? (ከሐይቅ)

መልስ። አላኮረፈችም። «እንዴት ዋልሽ፣ በላሽ ወይ» ለዚህ ዕድሜ ወሬ አይደለም። ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ ለምሳሌ ከእራት በፊት ይደውሉና «እንቆቅልሽ» ይበሏት፤ «ምን አውቅልሽ» ካለች ገብታለች። በየምሽቱ አንድ ብቻ፤ መልሱን ካላወቀች አገር ሰጥታዎት ትተኛለች። ተረቱን ደግሞ ከመሄድዎ በፊት በድምፅ ቀድተው ይተዉላት።

ጥያቄ። የልጅ ልጄ ልታገባ ነው። ዘመዱ ግማሹ ሙስሊም፣ ግማሹ ክርስቲያን ነው፤ 400 ሰው ይጠራል። ሠላሳ ዓመት የሰው ድግስ ሠርቼ የራሴን ለሌላ ሰው መስጠት ከበደኝ። እኔው ልሥራው? (ከሐይቅ)

መልስ። አይሥሩት። ሙሽሪት ስትመረቅ አያት መገኘት ያለባት ምርቃቱ ላይ ነው፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ ማጀቱ የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው፦ ትሪው ይወጣል፣ ወጡ ይሞቃል፣ እንጀራው ይቆጠራል። ሁለቱ በአንድ ሰዓት ላይ ስለሚገጥሙ የትኛውንም አሰላለፍ ቢሠሩ አንዱ ይቀራል። ዝርዝሩን እርስዎ ይጻፉ፣ ሰዎቹን ይምረጡ፣ ቅዳሜ ማታ ሁሉንም ዞረው ይዩ፤ ከዚያ መሐረብዎን ያጣጥፉና ቁልፉን ያስረክቡ። ቁልፍ የምንለው በዘይቤ አይደለም፤ የጓዳው ቁልፍ እርስዎ ጋ ከቆየ ቅቤ በተፈለገ ቁጥር ይጠራሉ።

የሁለቱን ማጀት ነገር ያውቁታል፤ ለሚረከበው ሰው ግን በጽሑፍ ይስጡት። ከብቱ ለየብቻ፣ አራጁ ለየብቻ፤ ድስት፣ ቢላዋ፣ መክተፊያና ጭልፋ ጭምር። ስሕተት የሚፈጠረው አራጁ ጋ ሳይሆን መጨረሻ ላይ ነው፤ አስተናጋጁ አንዱን ጭልፋ ወደ ሌላው ድስት ይከታል። በአንዱ ወገን ዕቃ እጀታ ላይ ቀይ ክር ማሰር ይበቃል። ሁለቱ የመስተንግዶ ጠረጴዛ በድንኳኑ ሁለት ጫፍ ይሁን፤ ሽሮው፣ ምስሩና ጎመኑ በዘይት ተሠርቶ መሐል ላይ ለሁሉም ይቀመጥ። ጠላ ለማይጠጡት ቀሪቦ ያዘጋጁ፤ ቅዳሜ ማታ ተጥዶ እሁድ ይጠጣ እንጂ ቀደም ብሎ አይሠራ። እርሾና ስኳር ስላለበት ሲቆይ ኃይል ያበጃል፤ ያኔ ለሙስሊም እንግዳ የሚቀርብ አይሆንም።

ወጪውን ለመቀነስ ድንኳኑን፣ አግዳሚውንና ትልልቁን ድስት ከቅሬው ይጠይቁ፤ ለአባል የሚያስከፍለው ከገበያው ያነሰ ነው። ሲረከቡ ሳህንና ብርጭቆውን ከአንድ ሰው ጋር ቆጥረው ይፈርሙ፤ ሰኞ የሚመልሰውም ያው ሰው ይሁን። ያ ሰው እርስዎ እንዳይሆኑ፤ ሰኞ መልስ አለ።